ካውንስሉን ብጠራ እናቴን አሳልፌ መስጠቴ ነው?

«ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው እንግሊዝ አገር፣ ሊድስ ከተማ፣ ሄርሂልስ ሰፈር ነው። የሰባ ስድስት ዓመት እናቴ ከእኔ ጋር ትኖራለች፤ የእንግሊዝ ዜግነት አላት። ባለፈው የካቲት ስትሮክ መትቷት ቀኝ ጎኗ ደከመ። ከሆስፒታል ስትወጣ ቤት ድረስ እየመጡ የሚረዷት ሰዎች እንመድብ ሲሉኝ ‹እኔ አለሁላት› ብዬ መለስኳቸው። አሁን ስምንት ወር ሆነኝ። ሌሊት ሦስት ጊዜ፣ አንዳንዴም አራት ጊዜ ለሽንት አነሣታለሁ። ገና ሳይነጋ አጥቤ፣ አልብሼ፣ አብልቼ ወደ ሥራ እሮጣለሁ። በሳምንት ሠላሳ ሰዓት በጽዳት እሠራለሁ። ባለፈው ሳምንት አውቶቡስ ውስጥ እንቅልፍ ጥሎኝ የመጨረሻው ፌርማታ ላይ ሾፌሩ ቀሰቀሰኝ። አንዲት ጓደኛዬ ካውንስሉን፣ ማለትም የከተማውን አስተዳደር፣ ጥሪ አለችኝ። ዋሽንግተን ያለው ወንድሜ ግን ‹እናታችንን ለመንግሥት ልትሰጪ ነው?› ብሎ ተቆጣኝ። የማኅበራችን ሴቶች ደግሞ ካውንስል አንዴ ከገባ ቤትሽን ይወስዳል፣ እሷንም መጦሪያ ያስገባታል ይሉኛል። ቤቱ በእኔ ስም በባንክ ብድር የተገዛ ነው፤ እናቴ ያላት 9 ሺህ ፓውንድ ብቻ ነው። እሷ ራሷ ‹ልጅ እያለኝ ባዳ አያጥበኝም› ትላለች። ምን ላድርግ?»

እንቅልፍ ያጣሁት፣ ከሊድስ

ውድ እህቴ፣

መልሴን አላጓትትብሽም። ደውዪ። ሰኞ ጠዋት ለሊድስ ከተማ ካውንስል የአዋቂዎች ማኅበራዊ እንክብካቤ ክፍል ደውዪና ሁለት ነገር ጠይቂ፤ ለእናትሽ የእንክብካቤ ፍላጎት ግምገማ፣ ለራስሽ ደግሞ የተንከባካቢ ግምገማ። ሁለተኛውን እንዳትረሺው። አውቶቡስ ውስጥ ተኝተሽ የመጨረሻው ፌርማታ መድረስሽን ሳነብ ደነገጥኩ፤ ያ እንቅልፍ ምጣድ ጥደሽ ወይም እናትሽን ደረጃ እያወረድሽ ቢጥልሽስ?

ቤቱን በተመለከተ የነገሩሽ ስሕተት ነው፤ ፍርሃትሽ በዚያ ስለጀመረ እኔም በዚያ ልጀምር። በእንግሊዝ ካውንስሎች በዚህ ጉዳይ የሚሠሩት ኬር አክት በሚባለው፣ በፈረንጆች አቆጣጠር 2014 ወጥቶ በ2015 ሥራ ላይ በዋለው ሕግ ነው። ካውንስሉ የሚመዝነው እርዳታ የሚያገኘውን ሰው ገንዘብ እንጂ የልጁን አይደለም። ደመወዝሽን አይቆጥርም፤ በስምሽ የተገዛውን ቤትም አይነካም። ማኅበርተኞችሽ የሰሙት ወሬ መነሻው ሌላ ነው። አንድ ሰው የራሱ ቤት ኖሮት ለዘለቄታው መጦሪያ ሲገባ ቤቱ ከሀብቱ ሊደመርበት ይችላል፤ ያኔም ቢሆን የትዳር ጓደኛው ወይም 60 ዓመት የሞላው ዘመዱ የሚኖርበት ከሆነ አይቆጠርም። በገዛ ቤቱ እየኖረ ለሚረዳ ሰው ግን የራሱ ቤት እንኳ ከሒሳቡ ውጪ ነው። የእናንተ ጉዳይ ከዚህ ሁሉ የራቀ ነው።

መጦሪያ ማስገባቱም እንደዚያው። እናትሽ አእምሯቸው ንጹሕ እስከሆነ ድረስ ያለ ፈቃዳቸው ከቤታቸው የሚያወጣቸው ሶሻል ወርከር የለም። ግምገማውን ራሱን «አልፈልግም» ሊሉ ይችላሉ። የማመዛዘን ችሎታቸው ቢደክም እንኳ ውሳኔው ለእሳቸው የሚበጀውን ተከትሎ፣ አንቺም ተጠይቀሽ እንዲሆን በፈረንጆች 2005 የወጣው፣ ሜንታል ካፓሲቲ አክት የሚባለው የማመዛዘን ችሎታ ሕግ ያዛል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ለአሥራ አንድ ዓመታት በእንግሊዝ ከተሞች አስተርጓሚ ሆኜ ስሠራ በእንዲህ ዓይነት ግምገማዎች ላይ ብዙ ጊዜ ተቀምጫለሁ። የእኛ ሰዎች እርዳታ የሚያጡት ካውንስሉ ስለጨከነ ብቻ አይደለም። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ስለሚሉ ነው።

አንድ ሽማግሌ አባት አይረሱኝም። ገምጋሚዋ «ደረጃ ይወጣሉ?» ብላ ጠየቀች። «ተመስገን፣ እወጣለሁ» አሉ። እሷም «ይወጣል» ብላ ጻፈች። «ገላዎን ይታጠባሉ?» «እታጠባለሁ፣ ምን ይሳነኛል!» ያንንም ጻፈች። አስተርጓሚ የተባለውን ከመመለስ በቀር ምንም መጨመር አይፈቀድለትምና አንገቴን ደፍቼ ተረጎምኩ። ስንወጣ ልጃቸው በር ላይ አልቅሳ ነገረችኝ፤ ደረጃውን የሚወጡት በአራት እግራቸው እየዳሁ ነው፣ የሚያጥባቸውም ወንድሟ ነው። እሷም እዚያው ክፍል ውስጥ ተቀምጣ ነበር። አባቷን በእንግዳ ፊት ላለማዋረድ ዝም አለች። እኔም የሥራዬን ደንብ ጠብቄ ዝም አልኩ፤ ያ ዝምታ እስከ ዛሬ ይከብደኛል።

ለዚህ ነው ሕጉ «ይችላል» የሚለውን ቃል እንዴት እንደሚተረጉመው ማወቅ ያለብሽ። አንድን ነገር ያለ ሰው እርዳታ ማድረግ የማይችል ብቻ ሳይሆን፣ ሲያደርገው ብርቱ ሕመም ወይም ጭንቀት የሚሰማው፣ ራሱን ወይም ሌላውን ለአደጋ የሚያጋልጥ፣ ወይም ከተለመደው እጅግ የረዘመ ጊዜ የሚፈጅበት ሰው «አይችልም» ተብሎ ነው የሚቆጠረው። እየዳሁ ደረጃ መውጣት መቻል አይደለም። እናትሽ ቀሚሳቸውን ለመልበስ አርባ ደቂቃ ከታገሉ መልበስ አይችሉም።

የሚመዘኑት ነገሮች አሥር ናቸው። መብላትና መጠጣት፣ የገላ ንጽሕና፣ መጸዳጃ፣ ልብስ፣ ቤት ውስጥ ያለ አደጋ መንቀሳቀስ፣ ቤትን በንጽሕና መያዝ፣ ከዘመድ ወዳጅ ጋር መገናኘት፣ ሥራ ወይም ትምህርት፣ በአካባቢ ያሉ አገልግሎቶችን መጠቀም፣ ልጅ ካለ ማሳደግ። ከሕመም ወይም ከአካል ድካም የተነሣ ከእነዚህ ሁለቱን ማድረግ ያልቻለና በዚህም ኑሮው በብርቱ የተጎዳ ሰው የካውንስሉን እርዳታ ለማግኘት ብቁ ነው። ከጻፍሽልኝ ብቻ አራት ያህል ቆጥሬያለሁ። ቤተ ክርስቲያን መሄድ አቁመው ከሆነ ያም ከወዳጅ ጋር ከመገናኘት ይገባል፤ ሃይማኖት ነው ብለሽ አትዝለዪው፣ ተናገሪው።

«እኔ አለሁላት» ያልሽው ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ገምጋሚው ብቁነታቸውን ሲመዝን የአንቺን እርዳታ እንደሌለ አድርጎ እንዲመዝን ሕጉ ያዛል። ነገር ግን አንቺ በፈቃድሽ የምትሸፍኚውን ያህል ካውንስሉ የመሸፈን ግዴታ የለበትም። ስለዚህ «ይህን ለመቀጠል ፈቃደኛ ነሽ? ትችያለሽ?» ብሎ ይጠይቅሻል። እኛ ይህን ጥያቄ ስንሰማ «እናትሽን ትወጃታለሽ?» የተባልን ይመስለንና በአንድ ትንፋሽ «አዎ!» እንላለን። ጥያቄው ስለ ፍቅር አይደለም፤ ስለ ሰዓትና ስለ ጉልበት ነው። እንዲህ ብለሽ መልሺ፤ «ምግቧን አበስላለሁ፣ ቅዳሜና እሑድ ከእሷ ጋር እውላለሁ። ጠዋት ማጠብና ማልበስ ግን አልችልም፤ የሌሊቱንም ብቻዬን መቀጠል አልችልም።» ይህን ስትናገሪ እናትሽ አጠገብሽ ባይሆኑ ይሻላል። ከገምጋሚው ጋር ለብቻሽ እንድትነጋገሪ ጠይቂ፤ የራስሽ ግምገማ የተለየ የሆነው ለዚሁ ነው። እናትሽ የራሳቸውን ግምገማ እንቢ ቢሉ እንኳ አንቺ የራስሽን የማግኘት መብት አለሽ።

አስተርጓሚም ጠይቂ። አንቺ እንግሊዝኛ ብትችዪም ለእናትሽ አታስተርጉሚ። እናት ልጇ እየተረጎመችላት ስለ ሽንቷ አትናገርም፤ ብትናገርም ልጅ አለሳልሳ ትተረጉመዋለች። ለአስተርጓሚው የምትከፍሉት የለም፤ ግምገማውም ነጻ ነው።

ቀጠሮው በዚያው ሳምንት ላይደርስ ይችላል፤ ሳምንታት ሲወስድ አይቻለሁ። ጉዳዩ አስቸኳይ ከሆነ ግን ካውንስሉ ግምገማው ሳያልቅም እርዳታ መላክ ይችላል። ስለዚህ ስትደውዪ አውቶቡሱን ንገሪያቸው። እናትሽ ወድቀው ከሆነ፣ አንቺም ስታነሻቸው ወገብሽን ከተጎዳሽ ያንንም ንገሪ። ሆስፒታል ሳሉ የመለስሽው እርዳታ ሰው ከሕመም በኋላ ራሱን እንደገና እንዲችል የሚያግዝ ሪኤብልመንት የሚባለው ሳይሆን አይቀርም፤ እስከ ስድስት ሳምንት በነጻ ይሰጣል። አሁንም ይጠቅማቸው እንደሆነ ጠይቂ።

ስለ ገንዘቡ። እንግሊዝ አገር ሆስፒታል ነጻ ሆኖ የቤት ውስጥ እንክብካቤ ለምን እንደሚከፈልበት ብዙ ሰው ግራ ይገባዋል። ነገሩ የቆየ ነው። እ.አ.አ. ሐምሌ 5 ቀን 1948 ነጻው የሕክምና አገልግሎት ሲጀመር፣ በዚያው ቀን ሥራ ላይ የዋለ ሌላ ሕግ የአረጋውያንን እንክብካቤ ለካውንስሎች ተወው፤ ካውንስሉም እንደ ሰዉ አቅም ያስከፍላል። በመሐል ሕጎቹ ቢለወጡም ልዩነቱ እስከ ዛሬ አለ። ከ23,250 ፓውንድ በላይ ያለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሙሉውን ከኪሱ ይከፍላል፤ ከ14,250 በታች ያለው ቁጠባው ጭራሽ አይነካበትም። እነዚህ ቁጥሮች ከ2010 ጀምሮ አለመነሣታቸው ያሳዝነኛል፤ ኑሮው ያኔ የነበረበት አይደለምና። የእናትሽ 9 ሺህ ፓውንድ ግን ከዝቅተኛው ወለል በታች ስለሆነ ማንም አይነካውም። የሚታየው እንደ ጡረታ ያለው ገቢያቸው ነው፤ ከዚያም ለኑሯቸው በሕግ የተወሰነው አነስተኛ ገንዘብ ሊቀርላቸው ይገባል። ምንም የማይከፍሉ ብዙዎች ናቸው፤ ቢከፍሉም ከፊሉን ነው። በሕመማቸው ምክንያት የሚያወጡትን ተጨማሪ ወጪ፣ ለማሞቂያ፣ ለልብስ አጠባ፣ ለዳይፐር፣ ደረሰኝ እየያዝሽ አስመዝግቢ፤ ከገቢያቸው ይቀነስላቸዋል።

ከካውንስሉ ውጪ ደግሞ ከማዕከላዊው መንግሥት የሚመጣ አተንዳንስ አላውንስ የሚባል ገንዘብ አለ። ጡረታ ዕድሜ ለደረሰና ለስድስት ወር ያህል የሰው እርዳታ ሲያስፈልገው ለቆየ ሰው ነው። የባንክ ሒሳብ አያይም። በ2025/26 በጀት ዓመት በሳምንት 73 ፓውንድ ከ90 ነበር፤ ቀንም ሌሊትም እርዳታ ለሚያሻው 110 ፓውንድ ከ40። እናትሽ ስምንት ወር አልፏቸዋል፤ እስካሁን ካልጠየቃችሁ በየሳምንቱ ገንዘብ እየቀረባችሁ ነው። ቅጹን በስልክ ጠይቂ፤ በስድስት ሳምንት ውስጥ ሞልተሽ ከመለስሽ የሚታሰበው ከደወልሽበት ቀን ጀምሮ ነው። ለተንከባካቢ የሚሰጠው ኬረርስ አላውንስ ግን ለአንቺ የሚሆንሽ አይመስለኝም። በሳምንት 35 ሰዓት መንከባከብን ይጠይቃል፤ እሱ ሞልቶልሻል። ሆኖም የተጣራ ገቢሽ ከተወሰነ ጣሪያ መብለጥ የለበትም፤ ጣሪያው በ2025/26 በሳምንት 196 ፓውንድ ነበር። በአንድ ፓውንድ ብታልፊ ሙሉው ይቀራል፤ ሳያውቁ አልፈው ብዙ ሺህ ፓውንድ እንዲመልሱ የተጠየቁ ሰዎች አሉና ሳታሰዪ አትግቢበት። በሌላ በኩል ከኤፕሪል 2024 ጀምሮ ሥራ ላይ ያለ ተንከባካቢ በዓመት አንድ ሳምንት ያለ ክፍያ ፈቃድ የማግኘት መብት አለው። ለአለቃሽ ንገሪያት።

ይህን ሁሉ ስነግርሽ ልመና እንዳይመስልሽ። የካውንስል ታክስ ደረሰኝሽን አውጥተሽ እዪው፤ ለአዋቂዎች እንክብካቤ የሚለውን መስመር ታገኚዋለሽ። ይህ ክፍያ ከ2016 ጀምሮ ተጨምሮ የመጣ ነው። የሰው እናት በገንዘብሽ ስትታጠብ ኖራለች።

የእናትሽን «ባዳ አያጥበኝም» ግን ቀላል አድርጌ አላየውም። ሴት ልጅ ዕድሜዋን ሙሉ ሸሽጋ የኖረችውን ገላ ለማያውቋት እጅ መስጠት ከባድ ነው። ስለዚህ ሰው ከማስገባትሽ በፊት ዕቃ አስገቢ። ገላ መታጠቢያ ላይ የሚቀመጥ ወንበር፣ ግድግዳ ላይ የሚያዝ ብረት፣ አልጋ አጠገብ የሚሆን የመጸዳጃ ወንበር። ዋጋቸው ከ1,000 ፓውንድ የማይበልጥ እንዲህ ያሉ ነገሮችን ካውንስሉ እንደሚያስፈልጉ ካመነ በነጻ ይሰጣል። የመጸዳጃው ወንበር ብቻውን ሌሊቱን ያቀልልሻል። እናትሽ ወንበሩን ከለመዱ በኋላ ወንበሩን የምታስተካክለውን ሴት መልመድ ይቀላቸዋል።

ሴት መሆኗን አስጽፊ። የእንክብካቤ ዕቅድ የሚባለው ወረቀት የመድኃኒት ሰዓት ብቻ የሚሞላበት አይደለም። ወንድ እንዳያጥባቸው፣ ረቡዕና ዓርብ እንዲሁም በአጽዋማት ወተትና ሥጋ እንደማይበሉ፣ በየትኛው ሰዓት ቁርስ እንደሚቀምሱ፣ ማተባቸውን ማንም እንዳያወልቅ፣ ገላቸው ሲታጠብ በነጠላ መሸፈን እንደሚፈልጉ ሁሉ ይጻፍበት። አንዲት እናት ጾም ሳይፈታ ወተት ያለበት ገንፎ እየቀረበላቸው ሳምንት ሙሉ ሳይቀምሱ ሲመልሱ፣ ሠራተኛዋ «የምግብ ፍላጎት የላትም» ብላ ስትጽፍ አይቻለሁ። ተንኮል አልነበረም፤ የነገራት ሰው አልነበረም።

ቤት የሚመጡት ሠራተኞች አብዛኛውን ጊዜ የካውንስሉ ሳይሆኑ ካውንስሉ የሚከፍላቸው ድርጅቶች ተቀጣሪዎች ናቸው። የግማሽ ሰዓት ጉብኝት ሊሰጣችሁ ይችላል፤ በየቀኑ ፊት ሊለዋወጥም ይችላል። ይህ ደካማ ጎኑ ነው። አማራጩ ዳይሬክት ፔይመንት ነው፤ ካውንስሉ ገንዘቡን ይሰጣችሁና የምትፈልጓትን ሴት ራሳችሁ ትቀጥራላችሁ። ከቤተ ክርስቲያናችሁ የምታውቋት፣ በአማርኛ «እማማ፣ እንዴት አደሩ?» የምትል ሴት ልትሆን ትችላለች። አሠሪ መሆን ኢንሹራንስና የደመወዝ ሒሳብ ያስከትላል፤ በዚያ የሚረዳችሁ ማን እንደሆነ ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ። አንቺ ራስሽ ግን አብረሻቸው ስለምትኖሪ፣ ካውንስሉ የግድ ነው ካላለ በቀር በዚህ ገንዘብ ልትከፈዪ አትችዪም። በሊድስ ደግሞ ኔበርሁድ ኔትወርክ የሚባሉ፣ በየሰፈሩ አረጋውያንን ለምሳና ለጨዋታ የሚያሰባስቡ ማኅበራት አሉ፤ የሰፈርሽን ፈልጊ። እናትሽ ቋንቋው ባይገባቸውም ከመስኮት ሥር ተቀምጠው ከሚውሉ ይሻላል።

እርዳታው ከተከለከለ ወይም ካነሰ ምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጥሽ፤ የግምገማውንም ቅጂ ያዢ። መጀመሪያ ለካውንስሉ ራሱ አቤት በዪ፤ ካልተፈታ የካውንስሎችንና የማኅበራዊ እንክብካቤን ቅሬታ የሚመረምር ነጻ እንባ ጠባቂ አለ፤ ገንዘብ አያስከፍልም።

ወንድምሽን በተመለከተ ቁጣዬን ልደብቀው አልችልም፤ ግን ልቡን አውቀዋለሁ። «ለመንግሥት ልትሰጪ ነው?» ሲል በዓይኑ የሚታየው አያታችሁ ያረጁበት ግቢ ነው። እስኪ ያንን ግቢ አብራችሁ ቁጠሩት። ምራት ነበረች። ከገጠር የመጣች የዘመድ ልጅ ነበረች። ጠዋት ፀሐይ ላይ የምታወጣቸው ጎረቤት፣ ቡና ይዛ የምትገባ ሌላ ጎረቤት፣ እግራቸውን የሚያጥቡ የልጅ ልጆች ነበሩ። በአንድ አሮጊት ዙሪያ ስድስት ሰባት ሰው ነበረ። እኔ በኖርኩበት ዕድሜ ሁሉ፣ በአገራችንም ቢሆን፣ ሌሊት አራት ጊዜ ተነሥታ ቀን ሠርታ ብቻዋን የጦረች ልጅ አላየሁም። ጠዋት የምትመጣው ሴት ያቺን የዘመድ ልጅ ትተካለች እንጂ አንቺን አትተካም። ይህን ንገሪውና ሥራ ስጪው፤ በየቀኑ በአንድ የተወሰነ ሰዓት እናቱን በስልክ ያጫውት፣ በዓመት ሁለት ሳምንት መጥቶ ይተካሽ፤ ቲኬቱን አሁን ይቁረጥ።

እስከ ሰኞ ድረስ አንድ ደብተር አልጋሽ አጠገብ አኑሪ። ዛሬ ሌሊት እናትሽ ሲቀሰቅሱሽ፣ ካነሣሻቸው በኋላ ሰዓቱንና ስንት ደቂቃ እንደፈጀ ጻፊ። ነገም እንዲሁ።